ዝም ብሎ የተከፈለ ዕዳ

ናይሮቢ ውስጥ ጊጊሪ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢም ሆነ በዙሪያው ባሉ ኤምባሲዎች የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አገር ቤት ሲም ካርድ ትቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። መስመሩ እንዳይዘጋ ታናሽ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይይዘዋል፤ ፒኑንም ያውቃል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2022 ከዳሽን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን ብድሮች ከጀመረ ወዲህ ግን ያ መስመር መነጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ የመበደሪያ ፊርማ ሆኗል። ዘመድ ቢበደርበት ዕዳው የሚመዘገበው በባለ መስመሩ ስም ነው። ይህ ሲደርስ ብዙ ሰው ለቤተሰብ ክብር ሲል ዝም ብሎ ይከፍላል። የምሟገተው ይህን ዝምታ በመቃወም ነው። ዘመድን መርዳት መልካም ነው፤ ነገር ግን «ይህን ዕዳ እኔ አልወሰድኩትም» የሚለው ቃል ከገንዘቡ በፊት፣ በጽሑፍ መቅደም አለበት።

የስልክ ብድር ምን ይዞ እንደሚመጣ ኬንያ ከእኛ ቀድማ አይታዋለች። ኤም-ሽዋሪ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ፉሊዛ በ2019 የተባሉት የስልክ ብድሮች ሲጀመሩ አበዳሪው የተበዳሪውን ፊት ማየት አላስፈለገውም፤ የሚያየው የመስመሩን ታሪክ ነው። ብድር በወቅቱ ሲመለስ የሚፈቀደው ጣሪያ ከፍ ይላል። እንግዲህ ናይሮቢ ያለው ሰው የወንድሙን ዕዳ በድብቅ በከፈለ ቁጥር ለወንድሙ የሚበልጥ ብድር እያመቻቸለት ነው። ካልተከፈለም የባለ መስመሩ ስም በብድር መረጃ ቢሮ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 መጨረሻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ የስልክ ብድር ያልመለሱ ሰዎች የዕዳቸው ግማሽ እንዲቀነስላቸው ማድረጉ፣ በዚህ መንገድ ስም ምን ያህል በቀላሉ እንደሚበላሽ ያሳያል። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ ቁራኛ ተሳስረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ጨካኝ ሥርዓት ነበር፤ ቢሆንም ባለዕዳው ማን እንደሆነ አያከራክርም ነበር።

ሕጋችንም ዝምታን አያስገድድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ያለ ሥልጣን በሌላው ስም የፈጸመውን ሥራ ባለስሙ ሊያጸድቀው ወይም ሊቃወመው እንደሚችል ይደነግጋል። ዋስትናም በግምት አይጸናም፤ በግልጽ መነገርና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን መጠቀስ አለበት። ወንድም መሆን ብቻውን ዋስ አያደርግም። ሳይቃወሙ መክፈል ግን ሥራውን እንደማጽደቅ ሊቆጠር ይችላል።

«ወንድምን ለፖሊስ መስጠት ነውር ነው» የሚል ይኖራል። እስማማለሁ፤ ግን በዝምታና በፖሊስ ጣቢያ መካከል ሽምግልና አለ። ተበዳሪው በሽማግሌዎች ፊት ይመን፣ የወሰደው መጠን ይጻፍ፣ ይፈርም፤ መስመሩም ወደ ባለቤቱ ይመለስ፣ ፒኑ ይቀየር። ገንዘቡ ለእናት መድኃኒት የዋለ ከሆነ ስጦታ ይባል፤ ስጦታ ሲባል የሰጪው ፈቃድ አለበት። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የአበዳሪው ነው፦ «ፒኑን በፈቃድህ ሰጥተሃል፤ እኔ ምን በደልኩ?» ይህ እውነት አለው። ፒኑን አሳልፎ የሰጠ ሰው ለአበዳሪው መክፈል ሊኖርበት ይችላል። ያም ሆኖ በዘመዱ ላይ የሚኖረው የመጠየቅ መብት የሚጠበቀው ያ የተፈረመ ወረቀት ካለ ነው። ጊጊሪ ተቀምጦ ነገሩን ችላ ማለትም አያዋጣም፤ የተባበሩት መንግሥታት የሠራተኞች ደንብ ልዩ መብትና ጥበቃ ከግል ግዴታ ለማምለጫ እንደማይሆን በግልጽ አስፍሯል።

በተለይ ያረጀ ዕዳ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ ሕግ የውል ዕዳ በመርህ ደረጃ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ በኬንያ ደግሞ በ6 ዓመት። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ግን በሁለቱም አገር ዘመኑ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ «ለጊዜው ዝም እንዲሉ» ብሎ ጥቂት ገንዘብ ከመላክ በፊት ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ ማን እንደፈረመው፣ ቅጂውም እንዲላክለት አበዳሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።