የእናት ድርሻ ከማዕዱ



በብዙዎቻችን ቤት ማዕድ ሲቀርብ ተራው የታወቀ ነው። መጀመሪያ እንግዳው፣ ቀጥሎ አባወራው፣ ከዚያም ልጆቹ ይበላሉ። እናት ግን ወጡን ሠርታ፣ እጅ አስታጥባ፣ እንጀራውን አቅርባ ስታበቃ ከትሪው የተረፈውን ትቀማምሳለች። ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜም ተራው አይለወጥም። ሲያዞራትና ሲደክማት «የእርግዝና ነገር ነው» እንላታለን። የከፋ ነገር ሲደርስባትም «ቀደር ነው» ብለን እንጽናናለን። በቀደር ማመን የኢማን ማዕዘን ነው። ነገር ግን ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮች ነንና፣ ሰበቡን ሳናደርስ ቀደርን ምክንያት ልናደርግ አይገባንም።

ለዚህ የሚያስተምረን አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 እንግሊዛዊቷ ሐኪም ዶክተር ሉሲ ዊልስ ወደ ሕንድ፣ ቦምቤይ ከተማ ተጓዙ። በዚያ ብዙ ነፍሰ ጡሮች በከባድ ደም ማነስ ይሠቃዩና ይሞቱ ነበር። ከእነርሱም መካከል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ይገኙ ነበር። ዶክተሯ መንስኤው ተላላፊ በሽታ እንደሆነ መረመሩ፤ አላገኙም። ከዚያም ሴቶቹ ምን እንደሚበሉ ማጥናት ጀመሩ። ምግባቸው ከሁሉ የጎደለው፣ በሕመሙም አብዝተው የሚያዙት ድሆች ሙስሊም እናቶች ሆነው ተገኙ። ይህ ልናፍርበት ሳይሆን ልንማርበት የሚገባ ነው።

በ1931 ባሳተሙት ጽሑፍ ዶክተሯ ርካሽ የሆነ የእርሾ ጭማቂ እነዚህን እናቶች እንደሚያድን አስታወቁ። በውስጡ ያለው ፈዋሽ ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1941 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል ለይተው አወጡት፤ በላቲን ቅጠል ከሚለው ቃል ወስደውም ፎሊክ አሲድ አሉት። በ1991 ይፋ የሆነ፣ በ7 አገሮች የተካሄደ ጥናት ደግሞ ሌላ ጥቅሙን አረጋገጠ። የአንጎል ወይም የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት ያለበት ፅንስ ከዚህ በፊት የገጠማቸው እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምረው ሲወስዱት፣ ጉድለቱ ተመልሶ የመከሰቱን ዕድል በ72 በመቶ ቀነሰው።

እዚህ ላይ ሙሽሮችና ሚዜዎቻቸው ልብ ይበሉ። ይህ የፅንሱ ክፍል የሚገጥመው ፅንሱ ከተፀነሰ በ4 ሳምንት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ እናቶች ማርገዛቸውን ገና አላወቁም። ስለዚህ መወለድን የምትሻ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ብታማክር መልካም ነው።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ጎመን በፎሌት የበለጸጉ ናቸው። ጎመኑን አብዝቶ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ግን ጥቅሙን አብሮ መድፋት ነው። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ኪኒን ብረትንና ፎሊክ አሲድን የያዘ ነው። ሰገራን ቢያጠቁርም አያስደንግጥ፤ ከብረቱ የተነሣ ነው። ከቡናና ከሻይ ጋር መውሰድ ግን ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል።

ወንድሞች ሆይ! ይህ የሴቶች ወሬ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ጦላቅ፣ የተፈታች ሴት እንኳ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ድረስ ወጪዋ በፈታት ባል ላይ እንዲሆን አዟል። ለተፈታችው ይህ ከታዘዘ፣ በቤታችን ያለችው፣ ልጃችንን ተሸክማ የምታበስልልን እንዴት ትሆን? ሸሪዓችን እኮ ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለፅንሷ ከፈራች የረመዷንን ጾም እንድታቆይ ፈቅዶላታል። አላህ ያዘነላትን እኛ በትርፍራፊ ልናሳድራት አይገባም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ማዕዱ ሲቀርብ አንድ ነገር እናድርግ። እርሷ ሳትቀመጥ ቢስሚላህ አንበል። ልጆቻችንም ይህን እያዩ ይደጉ።

አላህ እናቶቻችንን በዐፊያ ይጠብቅልን። ኣሚን።