አመዱን ማን ይጥረግ?

«እሳት አመድ ወለደ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። አባባሉ ከአባቱ ላነሰ ልጅ የወጣ ቢሆንም እኔ ግን ለዛሬ ቃል በቃል ልወስደው ነው። ማገዶ ያቃጠለ እሳት ሁሉ አመድ ይወልዳል። የሦስት ጉልቻ እሳትም ይወልዳል፣ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚታዘዝ ዘመናዊ እሳትም ይወልዳል። ታዲያ እኛ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ዓመታት ሙሉ ስለ እሳቱ ስንማርና ስንፈተን ስለ አመዱ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን ተወያይተን እናውቃለን? በእኔ እምነት አናውቅም። ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሳሳኝም በራሴ ስንፍና የደረሰብኝ ነገር ነው።

በ2016 ዓ.ም. በተማሪዎች ልውውጥ አማካይነት ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰሜን ጣልያን ነበርኩ። ክፍል የተከራየሁት ብዙ ዓመት እዚያ ከኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት ነው፤ እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ቤታቸውን የሚያሞቀው የፔሌት ምድጃ ነው። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ የእርሳስ ስብርባሪ መስሎ የሚወጣ ማገዶ ሲሆን በ15 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል። (ሰጋቱራ የሚለው ቃል ራሱ፣ እንደ ካቻቪቴ ሁሉ፣ ከጣልያንኛ የወሰድነው ነው።) እትዬ ኪራዩን ቀነስ አደረጉልኝና በምትኩ ምድጃውን በየጠዋቱ የማጽዳት ሥራ የእኔ ሆነ። «የማሽን ተማሪ አይደለህ እንዴ ልጄ? ለአንተ ይሄ ምን አላት» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ንቄው ነበር።

ምድጃው የሚሠራው እንዲህ ነው። ከላይ ፔሌቱ የሚፈስበት ቋት አለ። ከቋቱ ሥር በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ ዘንግ ፔሌቱን በትንሽ በትንሹ እየገፋ ቀዳዳ ቀዳዳ ወዳላት ትንሽ የብረት ጎድጓዳ ይጥለዋል። የኤሌክትሪክ መለኮሻ ግሎ ያቀጣጥለዋል። አንድ ማራገቢያ ጭሱን ወደ ጭስ ማውጫው ሲስብ ንጹህ አየር በጎድጓዳዋ ቀዳዳዎች ሽቅብ ይገባና እሳቱን ያነደዋል። ትኩሱ ጋዝ በቱቦዎች አጠገብ ሲያልፍ ሙቀቱን ይለቃል፤ ሌላ ማራገቢያ ያን ሙቀት ወደ ክፍሉ ይነፋል። ስንት ፔሌት ይውረድ፣ ማራገቢያው በምን ፍጥነት ይዙር የሚለውን የሚወስነው ሰሌዳው ነው። ልብ በሉ፤ የእኛ ምድጃ ሰሌዳ ይህን ሁሉ የሚያዘው ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው ብሎ አምኖ ነው። ያንን እምነት እውነት የሚያደርግለት በየጠዋቱ የሚያጸዳው ሰው ብቻ ነው።

የእትዬ ሥርዓት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ምድጃው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ጎድጓዳዋ ትወጣለች፣ ትራገፋለች፣ ቀዳዳዎቿ በሽቦ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። የምትቀመጥበት ቦታም በብሩሽ ይጠረጋል፤ ከሥሯ ትንሽ አመድ ከቀረ ወንበሯ ላይ በደንብ አትገጥምም፣ አየሩም በቀዳዳዎቿ መግባቱን ትቶ በጎን ይሾልካል። መስታወቱ በረጠበ ጋዜጣ ላይ ትንሽ የላመ አመድ ተነክቶ ይታሻል። የቱቦዎቹን ጥላሸት የሚያራግፈው ዘንግ አምስት ስድስት ጊዜ ላይና ታች ይሳባል። በየሁለት ሦስት ቀኑ የአመድ መሳቢያው ይደፋል፤ ቋቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ከታች የተጠራቀመው ብናኝ ይጸዳል፣ አለዚያ ጠመዝማዛው ዘንግ ይታነቃል። የበሩን ማሸጊያ ገመድ የሚፈትሹት በወረቀት ነው። ወረቀቱን በሩ ላይ ዘግተው ይስቡታል፤ ያለ ምንም ትግል ሹልክ ብሎ ከወጣ ገመዱ አርጅቷል ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ባለሙያ መጥቶ የጭስ ማውጫውንና የጭስ ማራገቢያውን ፈቶ ያጸዳል።

አመዱን ወደ ፕላስቲክ ባልዲ መድፋት በእትዬ ቤት ክልክል ነው። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ ይደረግና ውጭ ይቀመጣል። በተራ የቤት ቫኪዩም መምጠጥም እንዲሁ ክልክል ነው። ምክንያቱን ረመጥ የምታውቅ የሀበሻ እናት ልትነግረን አያስፈልግም። አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ከአንድ ቀን በኋላ እንኳ ሊነሳ ይችላል።

ወደ ጉዴ ልመለስ። ጥር ላይ የፈተና ሳምንት መጣና አምስት ቀን ሙሉ ምድጃውን ሳላጸዳ ቀረሁ። ምልክቶቹን አይቻለሁ። እሳቱ ደማቅና ፈጣን መሆኑን ትቶ ቀይ፣ ረጅምና ሰነፍ ሆነ። መስታወቱ በአንድ ማታ ይጠቁር ጀመር። «ነገ አጸዳዋለሁ» አልኩ። በስድስተኛው ቀን ማለዳ አልለኮስ አለና ሰሌዳው ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ። እኔ ማስጠንቀቂያውን አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት፤ እምቢ አለ። ሦስተኛ ጊዜ አስነሳሁት። በየሙከራው አዲስ ፔሌት ይወርዳል፤ ጎድጓዳዋ ሞልታ ቁልል ሆነች። በሦስተኛው ሙከራ ሳይነድ የሚጤስ ወፍራም ቢጫ ጭስ የእሳት ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ድንገት ዷ! አለ። የተጠራቀመው ጋዝ በአንዴ ተቀጣጥሎ ነው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ በበሩ ጠርዝ ጭስና ጥላሸት ተፋ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ጮኸ።

ደንግጬ ሶኬቱን ልነቅል ስሮጥ እትዬ ከመኝታ ቤታቸው ወጥተው «እንዳትነቅል!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው፤ ሶኬቱ ከተነቀለ ጭሱን የሚስበው ማራገቢያ ይቆምና ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። በማጥፊያው አጠፉት፣ መስኮቶቹን ከፈቱ፣ ሁለታችንም በዚያ ብርድ ጋቢ ለብሰን በረንዳ ላይ ቆምን። ማንም አልተጎዳም። እትዬ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆይተው «ልጄ፣ እሱ እኮ አምስት ቀን ሙሉ ‹አጽዳኝ› ይልሃል፣ አንተ ‹ተነስ› ትለዋለህ» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ? በትምህርቴ ስለ ነዳጅና አየር ምጣኔ ጥሩ ውጤት ያመጣሁ ሰው ነኝ። የመመሪያው መጽሐፍም ምድጃው አልለኮስ ካለ እንደገና ከማስነሳት በፊት ጎድጓዳዋን ባዶ አድርግ ይላል። ከፍቼ አላነበብኩትም ነበር።

በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ያንን ያደረገው አመድ ምን ያህል እንደሆነ አሰላሁት። በአውሮፓው የኢ.ኤን. ፕላስ የጥራት ደረጃ ኤ1 የሚል ምልክት ያለው ፔሌት አመዱ ከክብደቱ ከ0.7 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከ15 ኪሎ ከረጢት ቢበዛ 105 ግራም አመድ ይወጣል ማለት ነው፤ አንድ ሁለት እፍኝ። ይህች ትንሽ ነገር ቀዳዳውን ስትደፍን አየር ያንሳል። አየር ሲያንስ እሳቱ ያልተሟላ ይሆንና ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጥላሸትና ያልነደደ ፍርፋሪ ያመርታል። ፍርፋሪው መልሶ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ጥላሸቱም ቱቦዎቹን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍንና ሙቀቱ ቤቱን ሳያሞቅ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ማለትም ያልጸዳ ምድጃ ባለበት አይቆምም፤ በየቀኑ እየባሰበት ነው የሚሄደው።

ጣልያን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ የእንጨትና የፔሌት ምድጃዎች እንደ ቅልጥፍናቸውና እንደ ብክለታቸው ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣቸዋል። አስፈላጊ ነው፤ በተለይ የፖ ወንዝ ሸለቆ በተራሮች የታጠረ ስለሆነ በብርድ ወራት የቆሸሸ አየር ይተኛበታል። ነገር ግን ኮከቡ የተሰጠው በቤተ ሙከራ ለተለካ ንጹህ ምድጃ ነው። አምስት ቀን ላልተጠረገው የእኔ ምድጃ ማንም ኮከብ አይሰጠውም።

ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲያውም ለእኛ ነው የሚብሰው። በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕሶቻችንን ተመልከቱ፤ ከቡና ገለፈት ማገዶ፣ ከሩዝ ቅርፊት ማገዶ፣ እነሱን የሚያነድ ምድጃ። ጥሩ ሐሳቦች ናቸው፤ ደን ያድናሉ። ነገር ግን የሩዝ ቅርፊት ከአምስት እጁ አንዱ ገደማ አመድ ነው። የእትዬ ምድጃ ከአንድ ከረጢት 105 ግራም አመድ ካወጣ ያው 15 ኪሎ የፎገራ ሩዝ ቅርፊት 3 ኪሎ ገደማ ያወጣል። የቡና ገለፈት ደግሞ ፖታሲየም ስለሚበዛበት አመዱ በዝቅተኛ ሙቀት ቀልጦ ይጋገራል፤ በሽቦ የሚከፈት ሳይሆን በመሮ የሚፈለፈል ድንጋይ ይሆናል። ወደ አገሬ ስመለስ የወርክሾፓችን ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አንድ የቀድሞ ተማሪዎች ምድጃ ከፍቼ አየሁ። ብየዳው ያምራል፣ ስሌቱም ትክክል እንደሆነ አልጠራጠርም። የአመድ ማውጫው ግን በ8 ብሎን የታሰረ ነው። የትኛዋ እናት ናት ጠዋት ጠዋት 8 ብሎን ፈትታ ቁርስ የምትሠራው? ወንድሞቼን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምሠራው፣ ማንም ጠይቆን አያውቅማ!

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ ሁለት መልስ ሰማሁ። የመጀመሪያው «መሐንዲስ ይነድፋል፤ ጽዳት የሌላ ሰው ሥራ ነው» የሚል ነው። ችግሩ ያ «ሌላ ሰው» ብዙውን ጊዜ እናታችን ወይም እህታችን መሆኗ ነው፤ ጭሱንም የምትተነፍሰው እሷው ናት። በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያስከትል ለኢትዮጵያዊ አይነገርም። ሁለተኛው መልስ «ራሱን የሚያጸዳ ምድጃ እንሥራ» የሚል ነው። ይህ ይሻላል። ጎድጓዳውን በራሱ ጊዜ የሚያራግፍ ምድጃ ገበያ ላይ አለ። ይሁን እንጂ እሱም ቢሆን መሳቢያው ይደፋል፣ ጭስ ማውጫው በየዓመቱ ይጠረጋል። የሰውን እጅ ያሳርፋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም።

ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት ዲፓርትመንታችን ሦስት ቀላል ነገሮች ቢያደርግ ይበጃል። አንደኛ፣ ማንኛውም የምድጃም ሆነ የሌላ ማሽን ፕሮጀክት ሲቀርብ አንድ ገጽ የጽዳትና የጥገና መርሐ ግብር ይኑረው፤ ማን፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ደቂቃ፣ በየስንት ቀኑ የሚል። ሁለተኛ፣ ፈታኞች ለዚያ ገጽ ነጥብ ይስጡ። የማይፈተን ነገር እንደማይነበብ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛ፣ የነደፈው ተማሪ ማሽኑን ለአንድ ሳምንት ራሱ ያንድደው፣ ራሱም አመዱን ይጥረግ። በሦስተኛው ቀን 8ቱን ብሎን ትቶ ማጠፊያ ያለው በር እንደሚገጥምለት እርግጠኛ ነኝ።

እኔ ከዚያ ማለዳ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። እትዬ ግን ወዲያው አላመኑኝም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ጎድጓዳዋን ወደ መብራት አንስተው ቀዳዳዎቿን እያዩ ነው ያስለኮሱኝ። ያን ጊዜ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከፈተናዎቼ ሁሉ በትክክል የታረምኩት በዚያ ይመስለኛል።