ለዱር እንስሳ መኖ ሲባል ተዳፋት ይታረስን?

አፈሩ በሳሳና ተዳፋትነቱ በበዛ አካባቢ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ፣ «በዚህ ጋራ ላይ ለከብቱም ለዱር እንስሳውም የሚሆን መኖ ብንዘራበትስ?» የሚል ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። በሰሜን አሜሪካ አዳኞችና የመሬት ባለቤቶች ለአጋዘን መኖ ብለው አጃና ክሎቨር ይዘራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። በእኛ አስተያየት ግን በአገራችን ደጋ ለዱር እንስሳ መኖ የሚገኘው ጋራውን በማረስ ሳይሆን፣ የከብቱን መኖ ከታች አልምቶ ጋራውን በማሳረፍ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተዳፋት ለም አፈር ከላይ ያለው ስስ ድርብ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም አጥብቆ የያዘው የሣሩ ሥር ነው። ጋራው ታርሶና ለስልሶ የሐምሌ ዝናብ ቢደርስበት፣ የተዘራው ሳይበቅል አፈሩ ከነፍጉና ከነማዳበሪያው ወደ ወንዝ ይወርዳል። የሚቀረው ጠጠር ለከብትም ለዱር እንስሳም አይሆንም።

የመንዝ ጓሳን እንመልከት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ስፍራ ማንም መኖ አልዘራም። ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ከልሎ ያቆይና በጊዜው ብቻ ያጭድና ያስግጥ ነበር። ሥርዓቱ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣሩን ይመገባል፤ ሣሩ ውስጥ የሚኖሩት አይጦችና ፍልፈሎች ደግሞ ለቀይ ቀበሮ ምግብ ይሆናሉ። ሣሩ ከተጠበቀ የዱር እንስሳው ማእድ ተዘረጋ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ክልከላ ብቻውን አይጸናም። በሬው በግንቦት በረሃብ የሚወድቅበት ገበሬ፣ መተዳደሪያ ደንብ ቢኖርም በሌሊት ከብቱን ወደ ክልሉ ያስገባል፤ በዚህም ልንፈርድበት አንችልም። ስለዚህ ከክልከላው በፊት መኖ መቅደም አለበት።

ለመኖው የሚመረጠው ቦታ በመንደሩ አቅራቢያ ያለው የእርሻ እርከን ነው። እርከኑ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የሥራ ፋታ በውሃ ልክ ተለክቶ ይሠራል። ተዳፋቱ እስከ 15 በመቶ ከሆነ፣ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ያህል ይሁን፤ ለምሳሌ 10 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት እርከኖቹ 10 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ዝናቡ አፈሩን በሚገባ ካራሰ በኋላ፣ በወይና ደጋ ደሾ፣ በደጋ ፋላሪስ ሣር ከነሥሩ እየተገነጠለ በእርከኑ ላይ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ይተከላል። አፈሩ ደካማ ስለሆነ በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ የበሰበሰ ፍግ መጨመር ይጠቅማል። በቤት ዙሪያ ደግሞ ትሪ ሉሰርን መትከል ጥሩ ነው፤ ሥሩ ናይትሮጅን እየሳበ አፈሩን ያዳብራል፣ ቅጠሉም በበጋ አይደርቅም። ውሃ በሚተኛበት መሬት ግን ይጠወልጋል። የዘሩ ሽፋን ጠንካራ በመሆኑ ከመዘራቱ በፊት በፈላ ውሃ መነከር ይኖርበታል። መኖው ሁሉ ታጭዶ ለከብቱ ይሰጥ እንጂ ከብት አይሰማራበት፤ በኮቴ የተረገጠ እርከን በአንድ ክረምት ይናዳል።

ገበሬው፣ «እርከን መሬቴን ይወስድብኛል» ማለቱ እውነት ነው፤ ይወስዳል። በባዶው የተተወ እርከን ለገበሬው ኪሳራ ነው፤ ሣር የለበሰ እርከን ግን የወሰደውን መሬት በመኖ ይመልሳል። ይህን ሳናሳየው እርከን እንዲሠራ ብቻ ብንነግረው፣ ክረምቱ ሲወጣ አፍርሶ ቢያርሰው አያስገርምም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊነትም ከባድ ነው። የሣር ችግኝ ማባዣ ጣቢያ ማቋቋም፣ ከተከለለው ጋራ የሚታጨደውን ሣር በትክክል ማከፋፈል የነሱ ድርሻ ነው። ከብት የሌላት እናት ድርሻዋን ሸጣ ትጠቀም፤ ካልሆነ ግን ክልሉ የባለ ብዙ ከብቶች ብቻ ይሆንና ጠባቂ ያጣል።

እንግዲህ የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ በመጪው ክረምት ወደ ጋራው ማረሻ ከመላካችሁ በፊት ወደ መንደሩ እርከን ሣር ይዛችሁ ውረዱ። ከብቱ ከታች ከጠገበ፣ ጋራው ለዱር እንስሳው ራሱ ያበቅላል።