ስለ ሯጭ ሰውነት

በአዴትና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ሲመላለሱ ያየ ሰው፥ «ሯጭን የሚወልደው የከፍታ አገር አየር ነው» ሳይል አይቀርም። ከነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ልጆችን ይጎዳል።

አዴት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጥ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ይጎድላል። ከቆላ የመጣ ሰው ጥቂት ሳምንት ቢቀመጥ፥ ኩላሊቱ ለአጥንቱ መቅኔ መልእክት ይልካል፤ መቅኔውም ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። የተወላጁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ምሁር ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩትን ሰዎች መርምረው በ1995 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፥ የነዚያ ሰዎች ደም በቆላ ከሚኖሩት ደም እምብዛም አይለይም። ይህም ጸጋ ለሯጭ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ገበሬውም ቄሱም ነጋዴውም ያንኑ አየር ይተነፍሳሉ፤ ሁሉም ግን ሯጭ አልሆኑም።

ሯጩን የሚለየው ልምምድ ነው። ሰው አዘውትሮ ሲሮጥ ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ይለምዳል፤ በጡንቻውም ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ይህ ሥራ የሚፈጸመው ግን በሩጫው ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ፥ ሰውነት በልቶ ሲተኛ ነው። ልብና ሳንባ ፈጥነው ይበረታሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ይዘገያሉ። ስለዚህ ልጁ ትንፋሽ ሳያጥረው ቅልጥሙ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ በሜክሲኮ ከተማ ተሰለፈ። ያች ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ ስላላት ለደጋ ሰው እንደ አገሩ ነበረች። አበበ ግን እግሩ ታሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ለአበበ የጎደለው አየር አልነበረም።

እንግዲህ በአዴት ሜዳ ቅልጥሙን የሚያመው ልጅ ከሩጫ ቢቀር ሰነፍ መባል አይገባውም። መምህሩ ሕመሙ እስኪተወው ያሳርፈው፤ ብርቱ ሩጫ በሮጠበትም ማግሥት በዝግታ እንዲራመድ ያድርገው፤ ወላጆቹም በዚያ ሳምንት የእርሻውን ሥራ ያቅልሉለት።