የክልል ምክር ቤት፦ ከማጽደቅ ወደ መጠየቅ

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል አድርጎታል፤ ተጠሪነቱንም ለወከለው ሕዝብ ሰጥቷል። ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ዋነኛ ተግባራቱ ናቸው። ከሦስቱ ደካማው የመጨረሻው ነው፤ ምንጩ ግን የሥልጣን እጥረት አይደለም። ርእሰ መስተዳድሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ስለሚሰየም ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ አዳራሽ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ፓርቲ ይገናኛሉ። ጉባኤው በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቀመጥ በመሆኑም አስፈጻሚው ያዘጋጀውን ሪፖርት ከማድመጥ እምብዛም አያልፍም።

ለዚህ አዲስ ተቋም አያሻም። የክልሉ ዋና ኦዲተር ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። ስለሆነም ቋሚ ኮሚቴው በኦዲት ግኝት ላይ እርምጃ መወሰዱን ሳያረጋግጥ፣ ጉድለት የታየበት የወጪ ርእስ በቀጣዩ ዓመት በጀት ለድምፅ መቅረብ የለበትም። አሠራሩ አገልግሎትን ያስተጓጉላል የሚል ስጋት ሊነሣ ይችላል፤ ይሁንና ደመወዝና መድኃኒት ሳይነኩ አጠያያቂውን ወጪ ለይቶ ማቆየት ይቻላል።

ውኃ ሳያገኝ የውኃ በጀቱ ያለቀበት ቀበሌ መልስ የሚጠብቀው ከኦዲተሩ ሳይሆን ከመረጠው ተወካይ ነው።