ሙግት፦ የክልል ዕቅድ በምግብ ካርታ ይመራ?

ይመራ

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በአገሪቱ የተመረተው እህል በጠቅላላው ከወትሮው ብዙም አላነሰም ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ረሃቡ በበረታበት ወቅት እንኳ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ገበሬው ማሳው ስለከዳው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ፤ ገበያ ላይ ያለውን እህል መግዣ አልነበረውም። የአፋር አርብቶ አደርም በድርቁ ብቻ አልተጎዳም። በአዋሽ ዳርቻ የነበረውን የበጋ ግጦሽ ሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ይዘውበታል፤ ከብቱን ሸጦ የሚሸምተው እህልም አነሰበት።

ስለዚህ ዝናብና ምርት ብቻ የሚያሳይ ካርታ ለዕቅድ አይበቃም። የሚያስፈልገው ሰው ምግቡን በምን መንገድ እንደሚያገኝ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ ከማሳው ምን ያህሉን፣ ከገበያ ምን ያህሉን፣ ከቀን ሥራ ምን ያህሉን እንደሚያገኝ፣ ገበያው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ወንዙ በክረምት መሻገሪያ እንዳለው፣ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ። አገራችን ለዚህ ባዶ እጇን አይደለችም። በየኑሮ ቀጠናው ድሃው፣ መካከለኛውና የተሻለ ያለው ቤተሰብ ዓመቱን በምን እንደሚዘልቅ ተጠንቷል። የሚያሳዝነው፣ ይህ እውቀት በአብዛኛው የሚመዘዘው የተረጂ ቁጥር ለማስላት ሲፈለግ መሆኑ ነው። የመንገድ፣ የእህል መጋዘንና የመስኖ ዕቅድ ሲወጣም ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት ነበረበት። መረጃው ያረጃል የሚሉ አሉ። የገበያ ዋጋ በየወሩ ይለወጣል፤ ገደሉና የገበያው ርቀት ግን እንዲያ አይለወጡም፤ አንዱን አዘውትሮ ማደስ፣ ሌላውን በየጥቂት ዓመቱ መከለስ ይቻላል።

አይመራ

ባልደረባዬ ስለ ወሎ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን ያው ማስረጃ ወደ ሌላ መደምደሚያ ይወስደኛል። ምግብ የማግኘት አቅም ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል፤ ካርታ ደግሞ ለአንድ ወረዳ አንድ ቀለም ይቀባል። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ በአንዱ ወረዳ ውስጥ ደጋው በልግን ሲጠብቅ ቆላው መኸርን ይጠብቃል። የሕዝብ ቁጥሩስ? የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ከዚህም የከፋው፣ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ካርታው በሚስለው መሬት ላይ አለመሆኑ ነው። ከወሎ ልጁን ወደ ሳዑዲ የላከ ቤተሰብ የምግብ ዋስትናው ያለው ከባሕር ማዶ ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ በየመንደሩ ዝናቡም መንገዱም እንደነበረ ነው፤ የተቋረጠው ገንዘቡ ነው። ከትግራይ ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ይወርድ የነበረው የቀን ሠራተኛም በ2013 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋበት፣ ያጣውን ገቢ የትውልድ ቀበሌው ካርታ አያሳይም።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ተጠቃሚውን የቀበሌ ኮሚቴ እንዲመርጥ፣ ዝርዝሩም በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የተደረገው ለዚህ ነው። የዕቅዱ ገንዘብና ሥልጠናም ወደዚያ ይሂድ። ኮሚቴው ለዘመድ ያደላል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ የሚያደላበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ስሟ የተዘለለ እናት በስብሰባው ላይ ተነስታ፣ ካልተሰማችም ለቅሬታ ሰሚው አቤት ልትል ትችላለች። ወረዳዋ በካርታው ላይ ደህና ተብሎ ከተቀባ ለማን አቤት ትላለች?

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግን እስቲ ወደ ኮሚቴው እንመለስ። ኮሚቴው የሚያከፋፍለው ኮታ ነው። ኮታው ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ይሄኛው ይብሳል፣ ያኛው ይሻላል ብሎ ወስኗል። ያም ካርታ ነው፤ ልዩነቱ ሕዝብ ያላየው መሆኑ ነው። ጎረቤት ማን እንደተራበ ያውቃል፤ ኮታው የተነፈገ ቀበሌ ግን የቱንም ያህል ፍትሐዊ ኮሚቴ ቢኖረው የሚያካፍለው የለውም። ሁለት ቀበሌዎችን የሚያገናኝ ድልድይም በአንዱ ቀበሌ ስብሰባ አይወሰንም። ከሳዑዲ የሚላከውንና ከሁመራ የሚመጣውን ገቢ ካርታው ካላካተተ፣ ቀበሌዎቹ ራሳቸው መረጃውን ሰጥተው ይካተትበት። እናቲቱም አቤት የምትልበት እንዲኖራት፣ ካርታው ከእነ ስሌቱ በየወረዳውና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በአካባቢው ቋንቋ ይለጠፍ፤ በጀት ከመጽደቁ በፊትም ተቃውሞ የሚቀርብበት ቀን በደንብ ይቆረጥለት።