ጭስ የማይወጣው ማጀት

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ ሲመረቅ አገሩ በደስታ አለቀሰ። ማልቀሱም ይገባዋል። ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረተኛው ከጡረታው፣ ሊስትሮው ከሳንቲሙ፣ ሪያድና ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ከደመወዟ ቆርሳ ቦንድ የገዛችበት ግድብ ነው። 13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከዚያ በፊት በስንት ዘመን ያጠራቀምነውን አቅም በአንድ ጊዜ እጥፍ ያህል አድርገነዋል። የዚያን ዕለት ማለዳም ከአሥር የኢትዮጵያ ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ ቁርሱን ያበሰለው በእንጨት፣ በኩበት ወይም በከሰል ነበር።

ይህን ማኒፌስቶ የጻፍነው ሁለቱ ነገሮች በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን አብረው መሆናቸው እንቅልፍ የነሳን ሰዎች ነን። ከመካከላችን የመስመር ሠራተኛ አለ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አለች፣ የሶላር ነጋዴ አለ፣ መምህር አለ፣ ከመብራት ኃይል ጡረታ የወጣ አለ። ከፓርቲ ፖለቲካ አይደለንም።

ዓለም ስለ ታዳሽ ኃይል ሽግግር ሲያወራ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ስለመላቀቅ ነው የሚያወራው። ጀርመንን የሚያስጨንቃት፣ ቻይናን የሚያሯሩጣት እሱ ነው። የእኛ መብራት ግን ዱሮም ከውሃ ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ከተሠራው ከቆቃ ጀምሮ ተከዜ፣ በለስ፣ ግቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እዚህ ደርሰናል። በስብሰባ ላይ «መቶ በመቶ ሊባል በሚችል ደረጃ ታዳሽ» እያልን የምንኮራው ቁጥር እውነት ነው፤ የሚቆጥረው ግን በሽቦ የሚሄደውን ብቻ ነው። አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል አብዛኛው ዛሬም በሽቦ አይሄድም፤ በሴት ጀርባና በአህያ ይሄዳል። የእኛ ሽግግር ከጉልቻ መላቀቅ ነው። ሽግግሩ ምን ያህል እንደተራመደ የምንለካውም በማጀት ጭስ ይሆናል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል አገሩ። ተረቱ ስለ ሹም ሽር ከሆነ አንከራከርም። ስለ ማጀት ከሆነ ግን ሦስት ጉልቻ ላይ ያልጎነበሰ ሰው የተረተው መሆን አለበት።

ማገዶ በዚህ አገር መናገሻ ሊያስለቅቅ የደረሰ ጉዳይ መሆኑን እናስታውስ። አዲስ አበባ ገና ሳትጠና በዙሪያዋ ያለው ደን አልቆ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያ የመጀመሪያው የኃይል ፖሊሲያችን ነበር ማለት ይቻላል፤ በፍጥነቱም እስከ ዛሬ የሚስተካከለው አላየንም። ዋጋውን ሲከፍሉ የኖሩት ግን ከእንጦጦ ቁልቁል ጎብጠው እንጨት የሚያወርዱት እናቶች ናቸው።

በመንዝና በወሎ ደጋ ደግሞ የሚለቀም እንጨት እንኳ ከጠፋ ቆይቷል። እዚያ እበት በእጅ ይጠፈጠፋል፣ መስክ ላይ ይደርቃል፣ ኩበት ሆኖ ይከመራል፣ ይነዳል። ማሳው የሚጠብቀው ማዳበሪያ ምድጃ ውስጥ ያልቃል፤ ባለማሳው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የመጣ ዩሪያ በዱቤ ይወስዳል። የመሬት ለምነት የሚያሳስበው ባለሙያና የኤሌክትሪክ ባለሙያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ቢቀመጡ ኖሮ አንድ ምጣድ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደሚያድን አብረው ያሰሉ ነበር።

ስለ ከሰል ብዙ አንልም። ከስምጥ ሸለቆ ግራር ተቆርጦ በአፈር ምድጃ ሲከስል የእንጨቱ ኃይል አብዛኛው እዚያው ይተናል፤ ከተሜው የሚገዛው ትራፊውን ነው።

እንግዲህ «መብራት የገባለት ቤት ለምን እንጨት ያነዳል?» ለሚለን መልሱ ሊጥ ውስጥ ነው። ይህን ጋጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ መስመር የሚነድፈው ኢንጂነር ግን አልተነገረውም። ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል። ከላይ የቀረረው ውሃ ይደፋል፤ ከሊጡ ተቀንሶ አብሲት ይበስልና ተመልሶ ይጣላል። ከዚያ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። አንዴ ኩፍ ካለ ማቆያ የለውም፤ ምጣዱ መጋል አለበት። መብራት በዚያች ሰዓት ከሄደ ሊጡ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል፤ ማታ ወይም በማግሥቱ ቢጋገር እንጀራው ዓይን አያወጣም። መብራቱ ሳይጠፋ ኃይሉ ቢወርድም ያው ነው፤ ምጣዱ ለብ ይልና እንጀራው ሊጥ ሊጥ ይላል። በአገሪቱ የኃይል ዕቅዶች ውስጥ የመቆራረጥ ጉዳይ በደቂቃና በፐርሰንት ተጽፎ ይሆናል። አንዲት ጋጋሪ የምትጽፈው በአብሲት ነው፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላትም ጓሮዋ ጭራሮ አታጣም። እሷን «ባህሏን አልለወጠችም» ብሎ የሚወቅስ ባለሙያ ሲገጥመን ዝም አንልም።

ሁለተኛው መልስ ትራንስፎርመሩ ላይ ነው። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ከአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ሃምሳ ቤቶች በበዓል ዋዜማ አብረው ከሰኩ ለምጣድ ብቻ ቢያንስ 150 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲተከል የታሰበው አምፖልና ቴሌቪዥን ነው። ይፈነዳል፤ ሰፈሩ በዓሉን በሻማ ያሳልፋል፤ በማግሥቱም ስለ ሕዳሴ ግድብ ይቀለዳል። ጥፋቱ የግድቡ አይደለም። ጉባ ያለው ውሃና ማጀት ያለው ሶኬት መሐል ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ መስመር አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ቆጣሪ አለ። ምረቃና ባንዲራ የሌለው ሥራ ያለው እዚያ ነው፤ ገንዘቡ ሁልጊዜ የሚያጥረውም እዚያ ነው። በዚያ ላይ ጦርነት መስመር ይቆርጣል፤ ትግራይ ከዋናው መረብ ተለይታ ስንት ጊዜ እንደቆየች አንረሳም። ሌባም የታወርን ብረት ፈትቶ ለቁርጥራጭ ይሸጣል።

ሦስተኛው መልስ በማንኛውም ሰነድ የለም፤ የግቢ በር ላይ ግን አለ፦ አከራዩ። «ምጣድና ስቶቭ መሰካት ክልክል ነው» የሚባለው ኪራይ ከመነገሩ በፊት ነው። አንድ ቆጣሪ ለስድስት ክፍል ይሆናል፤ ሽቦው ቀጭን ነው፤ ሂሳቡ ሲመጣ ጠብ ይነሳል፤ አከራዩም የሚፈራው ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በክልከላው የሚጎዱት ግን ከተማውን የሚሸከሙት ሰዎች ናቸው፤ የቀን ሠራተኛው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣችው ሻይ አፍይታ የምትሸጥ ልጅ፣ አዲስ ተጋቢዎቹ። እነዚህ ሰዎች ከቆጣሪው ሁለት ሜትር ርቀው በከሰል ያበስላሉ፤ በር ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩት ስንቶቹ እንዳልነቁ የየሰፈሩ እድር ያውቃል። በስታቲስቲክስ ግን «ኤሌክትሪክ ያገኘ ቤተሰብ» ተብለው ተቆጥረዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀውን በግልጽ እንናገር። አዲስ ቆጣሪ የሚገባበት ቤት ሁሉ ምጣድ አብሮ ይግባለት፤ ዋጋው ከወር ሂሳብ ጋር ተከፋፍሎ በዓመታት ይከፈል። ተከራይ በስሙ ንዑስ ቆጣሪ የማስገባት መብት ይኑረው። ለጋጋሪ ሰዓት የተለየ ታሪፍ ይውጣ፤ ጭነቱ በሚቀንስበት ሌሊት መጋገር እንዲረክስ ይደረግ። የእንጀራ ነጋዴዎች እኮ ብዙዎቹ ዱሮም በሌሊት ነው የሚነሡት! ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ከሚሸጠው ኃይል፣ ቢትኮይን ከሚቆፍሩት ማሽኖችም ከሚገኘው ዶላር የተወሰነ እጅ ለማከፋፈያ መስመርና ለትራንስፎርመር ብቻ እንዲውል በሕግ ይታሰር። ሽያጩን አንቃወምም፤ ዶላር እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ጎረቤት አብርተን ማጀታችን በጭስ ሲታፈን ግን ዝም ማለት አንችልም።

መስመር ለማይደርስበት ደግሞ «ምርጥ ምጣድ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ የሚቀንስ፣ በየወረዳው ወጣቶች ሊያመርቱት የሚችሉት ነገር ነው። በዚህ ላይ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ጥቂቶቻችን «መሸጋገሪያ እየተባለ ለዘላለም ይቀራል» ብለን ፈርተን ነበር። ያሸነፈው ግን የእናቶች ሐሳብ ነው፦ ዛሬ የሚቀንስ ሸክም ዛሬ ይቀነስ።

አሁን ወደ ውሃው። ውሃ ብቻውን አያዛልቅም። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን የኖርን ሰዎች ነን፤ በ2011 ግንቦትም የግቤ ሦስት ውሃ ዝቅ ብሎ ፈረቃው ተመልሶ መጣ። ዝናቡ በቀረ ቁጥር ፋብሪካው ይቆማል። መፍትሔው የራሳችን ወቅቶች ውስጥ ነው፦ ክረምት ግድቡን ይሞላል፤ ውሃው በሚጎድልበት በጋ ደግሞ ነፋሱ ይበረታል፣ ሰማዩም ይጠራል። የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ የአይሻና የአሰላ ነፋስ የሚጠቅሙን ለዚህ ነው፤ ነፋሱ በሠራ ሰዓት የግድቡ ውሃ ለማታ ይቆጠባል። ከሁሉ የሚያንገበግበን እንፋሎቱ ነው። ከድንበሩ ማዶ ኬንያ በዚያው ስምጥ ሸለቆ ኦልካሪያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ስትቆፍር ቆይታ ዛሬ ከ900 ሜጋ ዋት በላይ የእንፋሎት ኃይል አላት። እኛ አሉቶ ላይ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ተክለን፣ እሱም አብዛኛውን ዕድሜውን ተበላሽቶ ቆሟል። እንፋሎት ድርቅ አያውቅም። ለዚህ መዘግየት ሰበብ ሲደረደር ሰምተናል፤ አንዱም አላጠገበንም።

ታዳሽ ስለሆነ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነም እንናገር። ግቤ ሦስት ከተሠራ ወዲህ የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ጎርፉ ሲያፈገፍግ በእርጥቡ ደለል ይዘሩት የነበረውን ማሳ አጥተዋል። ቆቃን ከላይ የሚታጠበው አፈር እየሞላው ነው። ከእንግዲህ ግድብ ሲታቀድ የሚፈናቀለው ሰው በኋላ የሚመጣ «ጉዳይ» ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ባለድርሻ ይሁን፤ የተፋሰሱ እርከንም ከተርባይኑ እኩል በጀት ይያዝለት።

ስለ መኪና አንድ ነገር። በ2016 ዓ.ም. አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስትከለክል ከዓለም የቀደማት አልነበረም። ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ያደረ ሁሉ ምክንያቱን ይገባዋል፤ እኛም እንደግፋለን። ቅደም ተከተሉ ግን ይገርመናል፦ ባለመኪናው ባትሪውን በርካሽ የሚሞላበት ሰፈር አጠገብ ምጣድ የተከለከለች ሴት አለች። አውቶቡሱ ይቅደም፣ ምጣዱ ይቅደም፤ የቤት መኪናው ይደርሳል።

ከመረቡ ውጭ ያለውን ገጠር በተመለከተ ደግሞ ገበሬው ከእኛም ከመንግሥትም ቀድሟል። ኩራዝና ላምባ ከብዙ ቤት የወጡት ማንም አዋጅ ሳያወጣ ነው፤ ገበያ ወርዶ ትንሽ ሶላር ገዝቶ ጣሪያው ላይ አሠረው፣ ልጁ በሱ አጠናች፣ ስልኩን በሱ ሞላ። ችግሩ ባትሪው ሲሞት ይጀምራል። የሚጠግን የለም፣ ኦሪጅናሉን ከአስመሳዩ የሚለይለት የለም፣ የሞተውን ባትሪ የሚሰበስብ የለም። ማንኛውም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቢያንስ አንድ የሶላርና የባትሪ ጥገና ክፍል ይኑረው፤ አስመጪውም የሸጠውን ባትሪ መልሶ የመረከብ ግዴታ ይግባ።

ለወንዶች የምንለው አለ፤ ከጸሐፊዎቹ ግማሾቹ ወንዶች ነን። ጭሱን የማይበላው በጀቱን ሲወስን ኖሯል። ስለዚህ በማንኛውም የኃይል ጉባኤ ላይ የሚቀመጥ ሹም፣ ኢንጂነርና አበዳሪ አንድ የጋገራ ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ጉልቻ ፊት እንዲያሳልፍ እንጋብዛለን። ቀልድ አይደለም። ዓይኑን እያሸ ከወጣ በኋላ ስለ ታሪፍ እንነጋገራለን።

ሥራችንን የምንጀምረው ከየሰፈራችን ነው። ከእኛ ጋር የሚሆን ሰው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ከጎረቤቱ ይጀምር፦ ከዚህ ትራንስፎርመር ስንት ቤት ይጠቀማል? ስንቱ ምጣድ አለው? ስንቱ ተከራይ ተከልክሏል? ባለፈው ወር አብሲት ከተጣለ በኋላ መብራት ስንት ጊዜ ሄደ? ስንት ብር ለከሰል ወጣ? የእድርና የማኅበር ሰብሳቢዎችን አስፈርመን ዝርዝሩን ወረዳ እናስገባለን፤ የገባበትንም ቀን በማኅተም እናስመታለን። ወረዳው ካልመለሰ ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ካልመለሰ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኃይል ጉዳይ ወደሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ እንሄዳለን፤ ጋጋሪዎቹንም ይዘን።